ቀድሞ የሚቀጣ መድኃኒት

ሃሺ ልብስ ሰፊ ነበር። ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ጫፍ፣ አንድ የዐረብ ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ፣ እሱና ጃማዕ ሁለት የስፌት መኪና ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲሠሩ ኖረዋል፤ ጎረምሶች ሆነው የተቀመጡበት ቦታ ላይ ጢማቸው ሸበተ። ጃማዕ ካኪ ሱሪና ኮት ይሰፋል፤ አፉም ከመርገጫው እኩል ይሮጣል። ሃሺ ድሪያ የሚባለውን ስስ የሴት ቀሚስና የሙሽራ ልብስ ይሰፋል፤ ከእሱ አፍ ቃል የሚወጣው ተጎትቶ ነው። የድሬ ሴቶች ግን ዝምታውን አልጠሉትም። "ሃሺ የሰፋውን ገልብጠሽ ብትለብሺው ማን ያውቅብሻል?" ይሉ ነበር፤ የልብሱ ውስጥ እንደ ላዩ የጠራ ስለ ነበረ።

ይህ ሰው በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ የበልጉ ዝናብ እንዳለፈ፣ ሥራው ከእጁ ወጣ። ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው። ጠዋት መጥቶ ይቀመጣል፣ እግሩን መርገጫው ላይ ያኖራል፣ ጨርቁን መርፌው ሥር ያስገባል፤ ከዚያ አይረግጥም። ፀሐይ በረንዳውን አቋርጣ ጉልበቱ ላይ ስትደርስ ያው ጨርቅ ያው መርፌ ሥር ነው።

"ምን እያሰብክ ነው?" ይለዋል ጃማዕ።

"ምንም።"

እውነቱን ነበር። ቢያስብ ኖሮ በተሻለው። ሌሊቱ ሳይነጋ እንቅልፉ ጥሎት ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ጣራውን እያየ የሚመጣውን ቀን እንደ ጆንያ ጨው በሩቅ ይመዝነዋል። ምግብ አፉ ውስጥ ገለባ ሆነበት። ሰው ግን ምክንያት ካላገኘ አያርፍምና፣ አንዱ "ልጁ ሰምሰም ጅቡቲ ስለ ተዳረች ነው" አለ፤ ሌላው "ዓይን በልቶት ነው" አለ፤ ሦስተኛው ጂን ነው ብሎ ደመደመ። ሱማሌዎቹ አሮጊቶች ብቻ "ቁሉብ ነው" ብለው ዝም አሉ። ልብ ላይ የሚቀመጥ ሐዘን ማለታቸው ነው።

ሚስቱ ዩሩብ በዚያው በቀፊራ ቅመም ትሸጣለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ መሬቱን የምታዝ የምትመስል ሴት ናት። መጀመሪያ ሼኽ አብዱላሂን ቤቷ አመጣች። ሼኹ እየተመላለሱ ራሱ ላይ ቁርኣን እያነበቡ ቀሩበት። በመጨረሻ አንድ ቀን መነጽራቸውን አጣጥፈው፣ "ዩሩብ፣ እኔ መቅራቱን አላቋርጥም" አሏት፤ "አንቺ ግን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። በሽታን ያወረደ ጌታ መድኃኒቱንም አውርዷል። የት እንዳወረደው መፈለግ የእኛ ፈንታ ነው።"

ሐኪሙ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ዛፍ ጥላ ያጠላበት ቤት ነበረው። አርመን ነው፤ ድሬ ላይ ብዙ ስለ ኖረ አማርኛው ጥሩ ነው፣ ወንድና ሴት ብቻ ይምታታበታል።

"ሥራ ትወጃለሽ?" ሲል ሃሺን ጠየቀው።

"እወድ ነበር።"

"አሁንስ?"

ሃሺ ጣቶቹን አየ። "አልጠላሁትም። ብቻ ሩቅ ነው።"

"መኪናው?"

"እጄ እዚህ ነው፣ መኪናው እዚህ ነው። መሐሉ ነው ሩቅ የሆነብኝ።"

ዩሩብ ይህን ከባሏ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ዘወር ብላ በመስኮቱ አጥሩን አየች።

ሐኪሙ ነገሩን ገልጦ ነገራቸው። ይህ ስንፍና አይደለም፣ ጂንም አይደለም፤ በሽታ ነው፤ ምክንያት ኖሮትም ሳይኖረውም ይመጣል። አዲስ ክኒን አለ፤ ከአውሮፓ በጅቡቲ በኩል በባቡር የመጣ። "ግን አሁን ልንገርህ፣ ኋላ እንዳትሰድበኝ" አለ። "ይህ እንደ ራስ ምታት መድኃኒት አይደለም፣ ዛሬ ተውጦ ዛሬ የሚያሽል። መጀመሪያ አፍህን ያደርቃል። እጅህን ያንቀጠቅጣል፣ ሆድህን ይዘጋል፣ ብድግ ስትል ያዞርሃል። ጥቅሙ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው።"

"መጀመሪያ የሚቀጣ መድኃኒት" አለ ሃሺ።

"አዎ፣ መጀመሪያ ይቀጣል። ደግሞ ጫት የለም።"

እዚህ ላይ ሃሺ ቀና ብሎ አየው። "ትንሽም?"

"ትንሽም። ከዚህ ጋር ልብህን ያስጋልበዋል።"

ክኒኑ ትንሽ ነበረች፤ ቡናማ ቀይ፣ ላይዋ ስኳር የተቀባ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ዩሩብ ከሲኒ ውኃ ጋር ታቀርብለታለች፤ እሱም ሳይከራከር ይውጣል። ለመከራከርም ጉልበት ይጠይቃል።

ቅጣቱ ግን ሐኪሙ ካለው አልዘገየም። ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣበቀ። ሲናገር አፉ ውስጥ ደረቅ ቆዳ የሚላጥ ይመስል "ጠቅ ጠቅ" ይላል። ውኃ ይጠጣል፤ ውኃው ያልፋል፣ ድርቀቱ ይቀራል። ላቡ ደግሞ ያለ ሥራ ይወርዳል፤ ድሬ መቼም ሙቀት ብርቋ አይደለም፣ ይኼኛው ግን ሌላ ነው፤ ሌሊት ቀዝቅዞ ሰው ሁሉ ነጠላ ሲደርብ እሱ አንሶላው እስኪጨመቅ ያልበዋል። ሆዱም እንደ ተባለው ተዘጋ። ዩሩብ ፓፓያ ላጠችለት፤ እሱም አልበቃ ሲል የግመል ወተት ከገጠር ሴቶች ገዝታ አጠጣችው። "ይህም ካልከፈተህ በዲጂኖ ነው የምንከፍትህ" አለችው፤ ልታስቀው ነበር። እሱ የሳቅ ያህል አፍንጫውን ነፋ።

ከሁሉ የከፋው ዓይኑ ነበር። ሩቁን ያያል፤ ከበረንዳው ሆኖ የደቻቱን ወንዝ ማዶ ግንብ ይቆጥራል። ቅርቡ ግን ተደባልቆበታል። ክሩን በጥርሱ ቆርጦ ወደ መርፌው ቀዳዳ ሲያስጠጋው መርፌዋ ሁለት ትሆናለች፤ ጣቱ ይንቀጠቀጣል፤ ክሩ በቀኝ ያልፋል፣ ክሩ በግራ ያልፋል። ጨለማ ውስጥ በዳሰሳ ክር ሲያስገባ የኖረ ሰው አንድ ጠዋት ሙሉ ከአንዲት መርፌ ጋር ዋለ። መጨረሻ ላይ ክሩን ጉልበቱ ላይ ጣለውና እጆቹን ጭኖቹ መሐል ሸሸጋቸው።

ጃማዕ አይቶ ነበር። ለወትሮው አንዳች ነገር ሳይናገር የማያልፈው ሰው የዚያን ቀን ወደ ሥራው ዞረ። በማግስቱ ሃሺ ሲመጣ የመርፌ ትራሱ ላይ የነጭ፣ የቀይ፣ የአረንጓዴ ክር የገባባቸው መርፌዎች ተሰክተው አገኘ። የመኪናውም መርፌ ክር ገብቶበታል።

"ማን ነው ይህን የነካካው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ አቦ" አለ ጃማዕ ዓይኑን ከካኪው ሳያነሣ። "ምናልባት ጂንህ ልብስ ስፌት ተምሮ ይሆናል።"

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ቅጣት ነበረ። ድሬ ላይ ምሳ ከተበላ ወዲያ ወንዱ ሁሉ ጫቱን ይዞ ጓደኛው ቤት ይሰበሰባል፤ በርጫ ይባላል። ሃሺ ከጃማዕ ቤት በርጫ ቀርቶ አያውቅም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሄደ፤ ትራሱን ተደግፎ ሻይ ይዞ ተቀመጠ። ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩትም። ነገር ግን ወሬው ሲሞቅ እነሱ ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ፤ እሱ መነሻው ላይ ይቀራል። የሚስቁበት አይገባውም። አንዱ ረስቶት ቀንበጥ ይዘረጋለታል፣ ከዚያ አስታውሶ እጁን ይመልሳል፤ ያ የተመለሰ እጅ ከስድብ በላይ ይከብደዋል። በሳምንቱ መሄዱን ተወ። ያንን ሰዓት ቤቱ ጓሮ፣ የኒም ዛፍ ሥር፣ በጎኑ ተኝቶ የባቡሩን ጡሩምባ እየሰማ ያሳልፈው ጀመር።

ክኒኑን የጀመረው ሰኔ ላይ ነበር፤ በሐምሌ አጋማሽ ለዓርቡ ጁምዓ መስጊድ ሄደ። ሱጁድ ወርዶ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ካኖረ በኋላ ኢማሙ "አላሁ አክበር" ሲል ከሰው ጋር ብድግ አለ። መስጊዱ ከዳር ጀምሮ ጠቆረ። የሚያስታውሰው ይህን ብቻ ነው። ሲነቃ ሸሚዙ በውኃ ርሷል፤ አንድ የማያውቀው ሰው ጆሮው ላይ እየቀራ ነው፤ ሌላው ቁልፍ እጁ ውስጥ እየጨመረ፣ "የሚጥል በሽታ ነው፣ ብረት አስይዙት" ይላል። ከበላዩ የተደረደሩት ፊቶች ያዝናሉ፤ ግን አንድ እርምጃ ራቅ ብለዋል።

ቀፊራ ወሬ ለማድረስ ጋሪ አይፈልግም። ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ሃሺ መስጊድ ውስጥ እንደ ወደቀ ያልሰማ አልነበረም። ቅዳሜ ዳሃቦ የምትባል የሙሽራ እናት መጣች፤ የልጇን የሰርግ ልብስ ጨርቅ ለሃሺ ሰጥታው ነበር። ሰላምታ አበዛች፤ ስለ ጤናው ጠየቀች፤ ከዚያ ጨርቁን እያጣጠፈች ወደ ዘንቢሏ ከተተች።

"እንድታርፍ ብዬ ነው፣ ሃሺ። ክፋት እንዳይመስልህ።"

"አይመስለኝም" አላት።

የዚያን ማታ ዩሩብ ክኒኑን ስታቀርብለት ምላሱ ሥር ደበቃት። ዘወር ስትል ጓሮ ወጥቶ ተፋት፤ በጫማውም አፈር መለሰባት። ስኳሩ ብቻ አፉ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ የቀረበለትን ሁሉ ይተፋ ጀመር፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕልሙ አስፈሪ ሆነ። ከዚያ ግን አፉ ረጠበ። እጁ ረጋ። መርፌዋ አንድ ሆነች፤ ክሩን በራሱ አስገብቶ ወደ ጃማዕ ቀና ሲል ጃማዕ መቀሱን አስቀምጦ ፈገግ አለ። ሃሺ በልቡ፣ "በሽታዬ መድኃኒቱ ነበር" አለ። ሁለት ድሪያ ሰፍቶ አስረከበ።

የገባበት ጉድጓድ ግን የትም አልሄደም፤ ይጠብቀው ነበር። ነሐሴ ሲገባ ቀድሞ ከነበረበት አልፎ ወረደ። አሁን ጨርቁን መርፌው ሥር ማስገባትም ቀረ። ሰው ስሙን ሲጠራው የተጠራው ሌላ ሰው ይመስለዋል። ዩሩብ "ክኒኑ እንኳ አልያዘልህም" እያለች ትጨነቃለች፤ እሱ ሲኒውን ተቀብሎ ይጠጣል፣ ወጥቶም ይተፋል። መናገር ነበረበት፤ ግን መናገሩም እንደ መኪናው ሩቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጃማዕ ከመቀመጫው ሊያነሣው ብሎ ይሆናል፣ ደቻቱ ማዶ ካለ ሱቅ ጥቁር ክር እንዲያመጣለት ላከው። ሃሺ ድልድዩን ትቶ እንደ ብዙው ሰው በአሸዋው አቋረጠ። ወንዙ ደረቅ ነው፤ ፍየሎች ይሄዱበታል፣ ልብስ ይሰጣበታል። መሐል ላይ ሲደርስ ደከመውና አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። ከላዩ ሰማዩ የጠራ ነበር። በሐረር በኩል ያለው ተራራ ግን ጠቁሯል።

ደቻቱ ሲመጣ አስቀድሞ ይሰማል። መጀመሪያ ከሩቅ ከባድ መኪና የሚያልፍ ዓይነት ድምፅ፤ ከዚያ ሰው። በኦሮሚኛም በሱማሊኛም በአማርኛም ከሁለቱም ዳር "ወንዝ መጣ!" እያለ የሚጮህ ሰው። ልብስ ያሰጡት ሴቶች ልብሳቸውን ጠቅልለው ሮጡ፤ እረኞቹ ፍየሎቹን በዱላ እየገፉ ወጡ። ሃሺ የድሬ ልጅ ነው፤ ድምፁን ያውቀዋል። "መነሣት አለብኝ" ብሎ አሰበ። መነሣት ማለት ግን እጅን መደገፍ፣ ጉልበትን ማጠፍ፣ ወገብን ማንሣት፣ ከዚያ ደግሞ መሄድ ነው። ይህ ሁሉ ሥራ ፊቱ ተከምሮ ታየው። መሞት አልፈለገም፤ ስለ ሞት አንድም ነገር አላሰበም። ብቻ አልተነሣም።

አንድ እጅ ከኋላ የሸሚዙን አንገት ጨብጦ ጎተተው። የማገዶ እንጨት ሻጭ ሴት ነበረች፤ ሸክሟን አሸዋው ላይ ጥላ ነው የመጣችው። ጎተተችው፣ ወደቀ፣ ረገጠችው፣ እንደገና ጎተተችው። ዳገቱን በእንብርክኩ እንደ ወጣ ውኃው ደረሰ። ቡናማ፣ ወፍራም፣ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ የተሸከመ ውኃ ነው፤ የቤት በርና አንድ የሞተ በግ ከኋላው ተከተሉ። የሴትዮዋ እንጨት የት እንደ ገባ አልታየም።

ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነፈሰች። "ደንቆሮ ነህ እንዴ?" አለችው።

"አይደለሁም" አላት ሃሺ። "ሰምቼ ነበር።"

ልትቆጣ የከፈተችውን አፍ ዘጋች። ከዚያ ነጠላዋን ፈታ አድርጋ በጭቃ የተረጨ ፊቱን ጠረገችለት፣ ልክ እንደ ሕፃን። "ቤትህ ሂድ" አለችው ቀስ ብላ። "ሰው ካለህ ንገር።" ስሟ ናፊሳ ነበር፤ ኋላ ዩሩብ አጠያይቃ አግኝታት ነው ያወቁት።

ሃሺ ቤቱ ሲደርስ ቅመም ስትለቅም የነበረችው ዩሩብ ልብሱን አይታ ብድግ አለች። እሱ በሩ ላይ እንደ ቆመ ተናገረ፤ እንዳይቀመጥና ዝም እንዳይል ፈርቶ ነው።

"ክኒኑን ትቼዋለሁ። መስጊድ ከወደቅሁ ጀምሮ እየተፋሁት ነው።"

ዩሩብ ሲኒው ወዳለበት ዞራ አየች።

"ዛሬ ደቻቱ ሲመጣ መሐሉ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰምቼዋለሁ፣ ዩሩብ። አንድ እርምጃ ልሸሽ አልቻልሁም። ውኃው አይደለም ያስፈራኝ። ሰምቼ አለመነሣቴ ነው።"

አላለቀሰችም። ቀድሞ የለቀመችውን ቅመም ካልተለቀመው ጋር ቀላቅላ ወደ ጎን ገፋችው፤ የጥዋት ሥራዋ ነበር። ከዚያ መጥታ አጠገቡ ቆመች፤ ትከሻዋ ትከሻው ላይ አረፈ።

"እያታለልከኝ ስንት ሲኒ ውኃ አመላለስኩልህ" አለች።

"ብዙ።"

"ነገ ሐኪሙ ዘንድ እንሄዳለን። እየተጎተትክ ከሆነም እየተጎተትክ።"

ሐኪሙ ሲሰማ አልተቆጣም፤ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። "ጥፋቱ የእኔም ነው" አለ። "አብዝቼ ጀመርኩብሽ።" ከዚህ በኋላ ግማሿን ክኒን፣ ማታ ሲተኛ ብቻ እንዲወስድ፣ በየሳምንቱም እየመጣ እንዲታይ፣ ቀስ እያለ እንደሚጨምርለት ነገረው። ሌሊት ሲነሣ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ተቀምጦ፣ ከዚያ ነው መቆም። ሶላትም ተቀምጦ ይስገድ። ዩሩብ ደግሞ ክኒኗን ስትሰጠው አፉን ከፍቶ ያሳያት።

"እንደ ግመል?" አለ ሃሺ።

"ግመል አይዋሽም" አለች ዩሩብ።

ተቀምጦ መስገዱ ከመርፌው የከፋ ሆነበት። ሼኽ አብዱላሂ፣ "የታመመ ተቀምጦ፣ ያልቻለ ተጋድሞ ይሰግዳል፤ ይህን የደነገገው ያንተን ወገብ የሠራው ነው" ብለው ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከሽማግሌዎቹ ጎን ቦታ ሰጡት። ጎኑ የተቀመጡት ዓዋሌ የሚባሉ፣ ጆሯቸው የከበደ አዛውንት ነበሩ። ሶላቱ እንዳለቀ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "አንተ ልጅ ነህ፣ እዚህ ምን አመጣህ? ምንህን ነው?" አሉት።

መስጊዱ ግማሹ ዘወር አለ። ሃሺ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። "ልቤን ነው፣ አደር" አላቸው፤ በሱማሊኛ አጎቴ ማለቱ ነው።

"እኔ ጉልበቴን ነው" አሉ አዛውንቱ፤ ነገሩም እዚያው አለቀ። በሚቀጥለው ጁምዓ ቦታ ይዘው ጠበቁት።

መሻሉ እንደ ንጋት አልነበረም። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት ገባ፤ ክኒኗ ሙሉ ሆነች፣ ከዚያ አንድ ተኩል። አፉ ያው ደረቅ ነው፤ ሎሚ ቁራጭ እየመጠጠ ይውላል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ግን እንደ በፊቱ አይደለም። ጃማዕ መርፌዎቹን እየሰካ ይጠብቀዋል፤ አሁን ጂን ነው ማለቱን ትቶ "ቀዩ ክር አልቋል፣ ግዛ" ይለዋል። ሃሺ ትንሽ ይሰፋል፣ ብዙ ይደክመዋል፣ ይተኛል፣ ተነሥቶ ደግሞ ትንሽ ይሰፋል። ዩሩብ በየማታው አፉን እያየች ክኒን ትሰጣለች፣ በየሳምንቱ ከዚራ ትወስደዋለች፣ ቀን ቅመም ትሸጣለች።

አንድ ቀን ጃማዕ የአንድ ደንበኛ ኮት እጅጌ ሲገጥም ግራውን በቀኝ አድርጎ ገጠመው። ሃሺ አየ። "ዋርያ፣ ምን ሠራህ?" አለው። "ይህ እጅጌ ነው? ሰውየው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ነው የሚሄደው?" ኮቱን ከእጁ ነጠቀው፤ ስፌቱን በምላጭ እየተረተረ ስለ እጅጌ፣ ስለ ችኮላ፣ ስለ ወሬ ብዛት እያነሣ ወቀሰው። ጃማዕ አፉን ይዞ ያዳምጠዋል። ሃሺ ወቀሳውን ጨርሶ ሲያበቃ እጅጌው ተፈትቷል፤ ያኔ ነው ለእሱም የታወቀው። ከበልግ ጀምሮ ምንም ነገር አስቆጥቶት አያውቅም ነበር።

ጃማዕ ያን ዕለት ሥራውን ትቶ ቅመም ተራ ድረስ ሄዶ ለዩሩብ ነገራት። "ሰደበኝ" አላት። "አባቴንም ጨምሮ።"

ዩሩብ የያዘችውን መስፈሪያ አስቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች።

ከዚያ ወዲያ አንዳንድ ነገር ተመለሰ። ወጡ ጨው በዝቶበታል አለ፤ በእርግጥም በዝቶ ነበር። በርጫ እንደገና ሄደ፤ ጫቱን አይነካም፣ ሎሚውን እየመጠጠ ይቀመጣል፣ ሲሰለቸው ተነሥቶ ይወጣል። ያልተመለሰም ነበረ። ዳሃቦ የልጇን የሰርግ ልብስ በሌላ ልብስ ሰፊ አሰፋች። የእጁ መንቀጥቀጥ የሙሽራ ልብስ ጥልፍ አያሠራውም፤ ድሪያና የትራስ ልብስ ላይ ቆመ። ሐኪሙን፣ "መቼ ነው የምተወው?" ብሎ ሲጠይቀው፣ "ከተሻለህ በኋላም ብዙ ወር" የሚል መልስ አገኘ። ሃሺ ራሱን ነቀነቀ። ለመደነቅም ለመከፋትም ደክሞት ነበር።

ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት ሃሺ ሸሚዙን ሲቆልፍ ዩሩብ ከአልጋዋ አልተነሣችም። ሲጠጋት ዓይኗ ክፍት ነው።

"አሞሻል?"

"አላመመኝም።"

"ታዲያ?"

"ደክሞኛል፣ ሃሺ" አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። "ከበልግ ጀምሮ ደክሞኛል። ዛሬ ገበያ መውጣት አልችልም። አትጠይቀኝ።"

ሃሺ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ የተከደነ ሻይ ራስጌዋ አኖረላት፤ የቅመም ዘንቢሏን አነሣ፣ መስፈሪያዋን ከላይ አስቀመጠ፣ ወጣ።

ቅመም ተራ የሴቶች ነው። ወንድ ዘንቢል ይዞ ዩሩብ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ሴቶቹ ሁሉ አዩት። ሃዎ የምትባለው ጎረቤቷ፣ "ኧረ ሴቶች፣ ዩሩብ ጢም አብቅላለች" አለች፣ ሳቁ ከጫፍ ጫፍ ሄደ። ሃሺ በርበሬውን ዘርግቶ፣ እርዱን ከዝንጅብሉ ለይቶ ተቀመጠ። አፉ ደርቋል። ደንበኛ ስትመጣ ዋጋው ይጠፋበታል፤ ሃዎ ከጎን ትነግረዋለች። ሲሰፍር እጁ ስለሚንቀጠቀጥ በርበሬው ከመስፈሪያው እየፈሰሰ እያንዳንዷ ትርፍ ይዛ ሄደች። ቀትር ላይ፣ "እንዲህ ከሰፈርክ ነገም አንተ ና" ብለው ገዢዎቹ ለመኑት።

ገበያው ሲበተን ላብ በላብ ሆኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዩሩብ ተኝታለች፤ ሻዩን ጠጥታዋለች። ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ በባዶ እግሩ ገባ፣ ዘንቢሉን ሳያንኳኳ አስቀመጠ። እንዳትነቃ መስኮቱን ገርበብ አደረገላትና ጓሮ ወጥቶ እራት የሚሆን ሽንኩርት ሊልጥ ተቀመጠ። እንባው ቢመጣ ከሽንኩርቱ ነበር፤ ግን በዚያ ክኒን ምክንያት ዓይኑም ደርቆ ስለ ነበር አልመጣም። ቀስ እያለ ላጠ።